ቢጫ የወጡት ፊቶች

ደረጃው አሥራ አራት እርከን አለው። ሟቹ ፎቶ አንሺ ለሠላሳ ስምንት ዓመት ወጥተው ወርደውበታል፤ መብራት ተሸክመው፣ ካሜራ ታቅፈው፣ አንዴም እግሯ የተሰበረ ሙሽራ አዝለው። ማክሰኞ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ግን ከመጨረሻው እርከን ሥር፣ አንገታቸው ዞሮ፣ አንድ ፎቶግራፍ በደረታቸው እንደታቀፉ ተደፍተው ተገኙ።

የአካባቢው ፖሊስ ነገሩን በአንድ ገጽ ጨረሰው። ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ደረጃ ስተው ወደቁ። ዓርብ ጠዋት መዝገቡ ሊዘጋ ፊርማ ብቻ ሲቀረው የሟቹ ባለቤት ወደ ምርመራ ክፍሉ መጡና መርማሪዋ ፊት ተቀመጡ።

መርማሪዋ አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ቢሏትም አትቀየምም ነበር። ብዙ አትናገርም። አንዴ የጠየቀችውን ግን መልሱን ሳታገኝ አትለቅም።

«ልጄ፣ ባለቤቴ ደረጃ ስቶ አልወደቀም» አሉ ወይዘሮዋ።

«ለምን?»

«ያንን ደረጃ ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደዋል። መብራት የጠፋ እንደሆነ እጄን ይዞ የሚያወርደኝ እሱ ነው።»

«ዓይናቸው ደክሞ ነበር ይላል መዝገቡ።»

«እሱም አምኖ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ‹ዓይኔ ከዳኝ› እያለ፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የዓይን መድኃኒት እየተደረገለት ሲብሰለሰል ከረመ። ማክሰኞ ጠዋት ግን ቁርስ ላይ ሣቀ። ‹ትናንት ሳልነግርሽ የዓይን ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር፤ ዓይኔ ደህና ነው። ከሦስት አንዱ ነው የሚዋሸኝ፤ ዛሬ አገኘዋለሁ። ምሳ አትጠብቂኝ› አለኝ።»

«ከሦስት አንዱ?»

ወይዘሮዋ የመሐረባቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ። «እዚያ ቤት ያለነው ሦስት ነን። እኔ፣ ያሳደግናት የእህቱ ልጅ፣ ታች ያለው አታሚ። እንቅልፍ ያሳጣኝ ይሄ ነው። እኔ እንዳልዋሸሁት አውቃለሁ። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ልጄ ናት፣ አንዱ ወንድሜ ማለት ነው። ማንን ልጠርጥር?»

ሴትየዋ ከሄዱ በኋላ መርማሪዋ የሟቹ ዕቃ የታሸገበትን ፖስታ ከፈተች። ቁልፍ፣ መሐረብ፣ የመነጽር ቤትና ፎቶግራፉ ነበሩ። ፎቶው ጥርስ የሌላት አሮጊት ስትሥቅ ያሳያል። ቆዳዋ የሰው ቆዳ ነው፤ ከመስኮት የገባው ብርሃን ጉንጯ ላይ አርፏል። መርማሪዋ ስለ ፎቶ ብዙ አታውቅም፤ ይህን ያተመ ሰው ዓይኑ ደክሟል መባሉ ግን አልተዋጠላትም።

የመነጽር ቤቱን ከፈተች። ከመጥረጊያው ጨርቅ ሥር ከሽምብራ የማትበልጥ፣ ክብ፣ ስስ ላስቲክ ተደብቃ አገኘች። በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ አነሣቻት። በላስቲኳ ውስጥ የታየው ሰማይ በስሱ ቢጫ ሆነ።

ፊርማውን ሳታኖር መዝገቡን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ፎቶ ቤቱ ሁለት ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ማተሚያ ነው፤ ላይኛው ፎቅ ፎቶ የሚነሣበት ሰፊ ክፍልና ፎቶ የሚታረምባቸው ሁለት ጠባብ ክፍሎች አሉት። ማተሚያውን የያዘው ሰው ስድሳ ዓመት ቢሞላውም አንቱታ የሚያስጠራ ስም የለውም። ቀለም በጠብታ እየለካ ሲሞላ ስለኖረ ሁሉም «ጠብታ» ይለዋል።

«ከሟቹ ጋር እንዴት ነበራችሁ?» አለችው።

«ሠላሳ ዓመት ደህና ነበርን። ሦስት ወር መጥፎ።»

«ለምን?»

ጠብታ ከመሳቢያ አንድ ክምር ፎቶ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ይዩት። ሰው ሁሉ ጉበቱን የታመመ መስሎ ነው የሚወጣው። ሙሽራው ቢጫ፣ ሕፃኑ ቢጫ፣ ነጩ ሸሚዝ ቢጫ። ‹ቀለሜን አበላሸህብኝ› አለኝ። ቀጥሎ ‹ሆን ብለህ ነው› አለኝ። ሠላሳ ዓመት አብሮ የበላ ሰው እንደዚያ ይላል?»

«አበላሽተው ነበር?»

«ልጅቱ የምታርመውም በዚሁ ማሽን፣ በዚሁ ወረቀት፣ በዚሁ ቀለም ነው የሚታተመው። የሷ ልክ ይወጣል፤ የሱ ቢጫ። ማሽን ሰው አይመርጥም።»

«ስክሪናቸውስ ተበላሽቶ ቢሆን?»

«ይመዘናላ» አለ ጠብታ፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ኩርፊያው ትንሽ ለቀቀው። «ስክሪን እንደ ሰው ነው፤ ሲቆይ ቀለም ይስታል። ስክሪኑና ወረቀቱ ካልተስማሙ ደግሞ የአራሚው ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ይመዘናል። ጠዋት ይበራና ግማሽ ሰዓት ይሞቃል። መጋረጃው ይዘጋል። ከዚያ ሚዛኗ፣ የኮምፒውተር አይጥ የምታክል ጥቁር ነገር ናት፣ በገመዷ ስክሪኑ ፊት ትንጠለጠላለች። ስክሪኑ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ እያፈራረቀ ያሳያል፤ እሷ ሆዷ ላይ ባለችው ዓይን ታነባለች። የጎደለውን ትሞላለች፣ የተረፈውን ትቀንሳለች። ቀኑንና ሰዓቱን ኮምፒውተሩ ይመዘግባል።»

«ስንት ሚዛን አላችሁ?»

«አንድ። እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው የምትቀመጠው፤ እኔ እዚያ ክፍል አልገባም። የራሱን ሲጨርስ እዚያው ለልጅቱ ያቀብላታል፤ የሷን መዝና ትመልሳለች።»

«ማሽኑ አንድ፣ ሚዛኗ አንድ።»

«የቀረው ዓይን ነው። ሁላችንም ያልነው ያንን ነው። መጀመሪያ ያለችው ልጅቱ ናት፤ እያለቀሰች።»

መርማሪዋ ቢጫዎቹን ፊቶች አንድ በአንድ አየች። «በዚያች ሚዛን ዓይን ላይ ስስ ቢጫ ነገር ቢጋረድ ምን ይሆናል?»

«ስክሪኑ ቢጫ የሆነ ይመስላታል» አለ ጠብታ ቀስ ብሎ። «ያንን ላጥፋ ብላ ወደ ሰማያዊ ትገፋዋለች። አራሚው ፊቱ ሰማያዊ ሲሆንበት ቢጫ ይጨምራል። ስክሪኑ ላይ ልክ ይመስላል። ወረቀቱ ላይ ግን…» አለና እጁን ወደ ክምሩ ዘረጋ። ከዚያ እጁን ሰበሰበ። «ማን ነው እንደዚያ የሚያደርገው?»

«ገና አላውቅም።»

ግድግዳው ላይ ወረቀት የሚበሳበት መሣሪያ ተሰቅሏል። አወረደችና አንድ ቁራጭ ወረቀት በሳችበት። የወደቀችው ክብ ወረቀት ልክ ያቺን ላስቲክ ታክል ነበር።

«ይሄን የሚጠቀመው ማን ነው?»

«እኔ። የፈለገ ሁሉ መጥቶ ይወስደዋል፤ የሚመልሰው ነው የሌለው።»

«ማክሰኞ ቀን የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ማሽኑ እየሠራ ቤቱ ቢናድ አልሰማም። ሰባት ሰዓት ላይ አጥፍቼ ወደ ደረጃው የሚወስደውን በር ስከፍት ወንድሜ ተደፍቶ አገኘሁት። ያኔም ተኳርፈን ነበር። ተኳርፈን ቀረን።»

ሰውዬው ይህን ሲል ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ። መርማሪዋ ግን ልቧ አልተረታም። መብሻው የሱ ነው፣ በክፉ የተሰደበውም እሱ ነው፣ ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው። በክብር የኖረ ሰው ሲዋረድ ምን እንደሚያደርግ ብዙ አይታለች።

የሟቹ የእህት ልጅ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን አናቷ ላይ ጠቅልላ የምታስር። እናቷ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ያደገችው በዚህ ቤት ነው። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። መርማሪዋን በሰፊው ክፍል እየመራች መብራቶቹን፣ ጀርባ የሚሆነውን ጨርቅ፣ በመብራት ፊት የሚንጠለጠሉትን ባለቀለም ላስቲኮች አሳየቻት።

«እነዚህን እንዴት ትለያቸዋለሽ? ሁሉም አንድ ይመስላሉ።»

«እህል እንደሚለየው ሰው ነዋ» አለች ልጅቱ፤ በሐዘኗ መሃል ኩራት ብልጭ አለባት። ላስቲኮቹን እንደ መጽሐፍ እየገለጠች ጠራቻቸው። «ይቺ ሙሉ ቢጫ። ይቺ ግማሽ። ይቺ ሩብ፤ ከሩቅ ነጭ ትመስላለች። ያቺ ሰማያዊ ናት። አጎቴ ‹ሩብና ግማሽ መለየት ያቃተው እጁን ከመብራት ያንሣ› ይሉ ነበር።»

የሁሉም ላስቲክ ጥግ አራት ነው። የሩብ ቢጫዋ አንድ ጥግ ግን በመቀስ ተቆርጧል።

መርማሪዋ ትንሿን ክብ ላስቲክ ከፖስታው አውጥታ በመዳፏ አሳየቻት። «ይቺስ ምን ትሆን?»

ልጅቱ ጎንበስ ብላ አየቻት። «የመድኃኒት መጠቅለያ ይሆናል» አለች።

«ይሆናል» አለች መርማሪዋና ወደ ፖስታው መለሰቻት። «ማክሰኞ የት ዋልሽ?»

«ስድስት ሰዓት ሲል ለምሳ ወጣሁ። መናፈሻው ውስጥ ዳቦ በልቼ ሰባት ተኩል ተመለስኩ። ስመለስ ሰው ተሰብስቦ ነበር።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ወፎቹ» አለችና ልትሥቅ ሞክራ ተወችው።

መርማሪዋ የሚታረሙት ፎቶዎች ዝርዝር ካለ እንድታሳያት ጠየቀቻት። ልጅቱ ወደ ክፍሏ አስገባቻትና ጠቋሚ ጣቷን ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ አሳረፈች፤ ስክሪኑ ተከፈተ።

«በጣት ነው የሚከፈተው?»

«አምና አንድ ተለማማጅ የሳምንት ሥራዬን አጥፍቶብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከኔ ጣት በቀር ማንም አይከፍተውም፤ አጎቴም ቢሆኑ።»

የዓይን ሐኪሙ አጭር ሰው ነበር፤ ንግግሩም አጭር። «ሰውዬው ሰኞ ከሰዓት መጡ። ዓይናቸው ከኔ ዓይን ይሻላል። እንዲያውም ‹ስክሪኑና ወረቀቱ አይመሳሰሉልኝም› ሲሉኝ፣ ‹ጋሼ፣ የታመመ ዓይን ሁለቱንም እኩል ነው የሚያበላሸው። እርስዎ ልዩነቱን ካዩ ዓይንዎ ጤነኛ ነው› አልኳቸው። ከዚያ ‹እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት የማውቀውን ሰው ሰደብኩ› ብለው ወጡ።»

ከዚያ መርማሪዋ ወይዘሮዋ ጋ ተመለሰች። ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ ማኅደር ነበር። አንድ አሳታሚ የፎቶ አንሺውን ሥራ በመጽሐፍ ሊያወጣ አርባ ፊቶችን መርጧል፤ የእያንዳንዱ ናሙና እዚህ አለ። ሽፋኑ ላይ የሟቹ ስም ብቻ ነው የተጻፈው።

«ልብሳቸውን የጠየቀዎት ሰው ነበር?» አለች መርማሪዋ ፎቶዎቹን እየገለጠች።

«ልጄ ‹ልጠበው› ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ማክሰኞ ማታውኑ። ‹ፖሊስ ወስዶታል› አልኳት። ለምን?»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ ማጉያ መነጽር አውጥታ በፎቶው ላይ ወዳለው ሰው ዓይን አስጠጋች። የሰው ዓይን መስታወት ነው፤ ፊቱ የቆመውን ሁሉ ያሳያል። በአንደኛው ፎቶ ላይ ያለው ሽማግሌ ብሌን ውስጥ መስኮት፣ መብራትና ከካሜራ ጀርባ የቆመ ትከሻ ሰፊ ሰው ይታያል። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ብሌን ውስጥ ግን ፀጉሯን አናቷ ላይ የጠቀለለች ቀጭን ሴት ቆማለች።

አርባውንም እስክትጨርስ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ሴቲቱን አሥራ አራት ጊዜ ቆጠረቻት።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሟቹ ይሠሩበት በነበረው ጠባብ ክፍል ተሰበሰቡ። ግድግዳው ግራጫ ነው፤ መጋረጃው ወፍራም። ወይዘሮዋ የባላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ ከኋላቸው ቆማ እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋለች። ጠብታ በሩ ሥር ቆሟል። መርማሪዋ የፖሊስ ኮምፒውተር ባለሙያ ያተመላትን ሁለት ገጽ ይዛ ስክሪኑ አጠገብ ቆመች።

«ሟቹ ‹ከሦስት አንዱ ይዋሸኛል› ብለው ነበር» አለች። «እትዬ፣ እርስዎ ሦስቱን ሰዎች መሰለዎት። እሳቸው የቆጠሩት ግን ማሽኑን፣ ስክሪኑንና ሚዛኗን ነው። ዓይናቸው ጤነኛ መሆኑን ባለፈው ሰኞ አወቁ። ማሽኑ የልጅቱን ልክ አድርጎ ያትማል፤ እሱ ወጣ። ስክሪኑ ደግሞ በየወሩ ይመዘናል። የቀረችው ሚዛኗ ናት። ማክሰኞ ቀን የዓይኗን መክደኛ ከፍተው ይቺን አገኙ።» ክብ ላስቲኳን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ሩብ ቢጫ፣ ከላይ ካለው የመብራት ላስቲክ ጥግ የተቆረጠች፣ በጋሼ ጠብታ መብሻ የተበሳች።»

ጠብታ ቀና አለ። «እኔ አልበሳኋትም።»

«መጀመሪያ እርስዎን ጠርጥሬ ነበር። ግን እርስዎ የስክሪን ክፍል አይገቡም፤ ደግሞ ይህ ነገር ያዋረደው እርስዎን ነው። አሁን ይሄን ስሙ።» የመጀመሪያውን ገጽ አነሣች። «ባለፉት ሦስት ወራት መጀመሪያ ሰኞ የሟቹ ስክሪን ተመዝኖ ያለቀው ሦስት ሰዓት ከሃያ ገደማ ነው። የልጅቱ የተጀመረው አራት ወይም አምስት ደቂቃ ቆይቶ ነው። ሚዛኗ ከእጅ ወደ እጅ ነው ያለፈችው። መሃል የገባ ሰው የለም። የሳቸው ስክሪን ተሳስቷል፤ ያንቺ ልክ ነው።» ወደ ልጅቱ ዞረች። «አንዲት ሚዛን በሳቸው እጅ ዋሽታ ባንቺ እጅ ለምን እውነት ተናገረች?»

«ምናልባት ላስቲኳ ስትንሸራተት…» አለች ልጅቱ።

«ሦስት ሰኞ ሙሉ፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ ልክ እየጠበቀች? የራስሽን ልትመዝኚ ላስቲኳን ታወጫለሽ፤ ስትጨርሺ መልሰሽ ከትተሽ ነበር ሚዛኗን ወደ መሳቢያቸው የምታስገቢያት፤ ለሚቀጥለው ወር። ለዚህ ነው ማክሰኞ ያገኟት። እኔ ሳሳይሽ ደግሞ ‹የመድኃኒት መጠቅለያ› አልሽኝ። ሩብና ግማሽ በዓይኗ የምትለይ ሰው ናት ይሄን ያለችው።»

ወይዘሮዋ ትከሻቸው ላይ ያለውን እጅ አላነሡም፤ አንገታቸው ግን ደርቆ ቀረ።

«ይሄ ማታለል ነው፤ መግደል አይደለም» አለች መርማሪዋ። «ወደዚያ ልምጣ። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ ሟቹ ላስቲኳን አውጥተው የራሳቸውን ስክሪን እንደገና መዘኑ። አንድ ፎቶ አርመው እዚህ ባለችው ትንሽ ማተሚያ አወጡ፤ ልክ ሆነላቸው። ይሄ ነው ደረታቸው ላይ የተገኘው። ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ያቺው ንጹሕ ሚዛን ሌላ ስክሪን ለካች። ያንቺን። የሚታረም አንዲት ነገር አላገኘችም። ስለዚህ በወሩ መጀመሪያ ሰኞ ያንቺን የመዘነችው ያለ ላስቲክ ነበር።»

«እሳቸው ናቸው የመዘኑት። እኔ መናፈሻ ነበርኩ።»

«ያንቺ ኮምፒውተር ካንቺ ጣት በቀር እንደማይከፈት የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

የስክሪኑ ብርሃን የልጅቱን ፊት እኩል አድርጎ ያሳየው ነበር፤ ጥላ የለበትም።

«ሰዓቱ ይሳሳታል» አለች በቀጭኑ።

«ሰዓት ሊሳሳት ይችላል። ጣት አይሳሳትም። ማታውኑ ልብሳቸውን ልጠብ ያልሽው ላስቲኳን ፍለጋ ነው፤ የመነጽር ቤታቸው ውስጥ እንደደበቋት አላወቅሽም።»

ልጅቱ እጇን ከወይዘሮዋ ትከሻ አነሣች። ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ዓይናቸው ደክሟል ብለው እንዲያርፉ ነበር የፈለግሁት» አለች። «እንዲያርፉና ቤቱን እንዲለቁልኝ። ሌላ ምንም።»

«ለምን?» አለች መርማሪዋ። ጥያቄው ይህ ብቻ ነበር የቀራት፤ መልሱንም ታውቀዋለች። ልጅቱ እንድትለው ፈልጋ ነው።

«ከአርባው አሥራ አራቱ የኔ ናቸው። እኔ ነኝ ያነሣኋቸው። መጽሐፉ ሲታሰብ ነገርኳቸው። ሣቁ። ‹የኔ ያንቺ፣ ያንቺ የኔ› አሉኝ። ሽፋኑ ላይ ግን የሳቸው ‹የኔ› ብቻ ነው የተጻፈው።»

«ማክሰኞስ?»

«ለምሳ ልወጣ ስል ጠሩኝ። ላስቲኳን መዳፋቸው ላይ አድርገው ‹ስክሪንሽን ክፈቺልኝ› አሉ። አልከፍትም ማለት አልቻልኩም። መዝነው ሲጨርሱ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ፎቶውን አነሡና ‹ወርጄ ጠብታን ይቅርታ ልጠይቀው፤ ከዚያ ለአክስትሽ እነግራታለሁ፤ መጽሐፉን ብቻዬን እጨርሳለሁ› አሉ። ያቺ ጥርስ የሌላት አሮጊት የኔ ናት። ሁለት ቀን ሙሉ ደጇ ተቀምጬ ነው ያሣቅኋት። የኔን ፎቶ ታቅፈው ነበር የሚወርዱት። የደረጃው አፍ ላይ ደረስኩባቸው።» እጆቿን አየቻቸው። «ገፍቻቸዋለሁ።»

ጠብታ በሩን ደግፎ ቆሞ ነበር፤ ቀስ ብሎ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። «እኔን ይቅርታ ሊጠይቅ?» አለ፤ ማንንም አልጠየቀም። «ታች እኮ ነበርኩ። ማሽኑን ባጠፋው ኖሮ እሰማ ነበር።»

ወይዘሮዋ ወንበሩን አዙረው ልጅቱን አዩዋት። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ጠዋትና ማታ ዓይኑ ላይ መድኃኒት የምታንጠባጥቢለት አንቺ ነበርሽ። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ አፉን እንደ ሕፃን ከፍቶ፣ አንቺን አምኖ። ምንም እንዳልሆነ እያወቅሽ።»

«እማ…»

«ሦስት ወር፣ ልጄ። አንድ ቀን ተናደሽ ብትገፊው ይገባኝ ነበር መሰለኝ። ሦስት ወሩ ነው የማይገባኝ።»

በር ላይ የሚጠብቀው ፖሊስ ሲገባ ልጅቱ ራሷ ተነሣች። ሚዛኗ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ ስታልፍ አላየቻትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መርማሪዋ የሟቹን ዕቃ ልትመልስ ወደ ማተሚያው ገባች። ጠብታና ወይዘሮዋ ጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ ዘርግተው ተፋጠዋል። የመጽሐፉ የስም ዝርዝር ነው። ወይዘሮዋ በአሥራ አራቱ ፎቶዎች ሥር የባላቸውን ስም ሰርዘው በእጃቸው የልጅቱን ጽፈዋል።

«እኔ የገደለን እጅ ስም አላትምም» ይላል ጠብታ። «እርስዎ ይፍረዱን፣ መርማሪ። ወንድሜን ገድላ፣ እኔን በሐሰት አሰድባ፣ ስሟ በመጽሐፍ ይወጣል?»

መርማሪዋ ወደ ወይዘሮዋ ዞረች። «ይቅር ብለዋት ነው?»

«አይደለም። እስር ቤት ሄጄ አላየኋትም። የምሄድበትን ቀንም አላውቅም።» ወይዘሮዋ እስክሪብቶውን ከደኑት። «ግን እሱም ወስዶባታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቀለም ልክ ይሁን ሲል የኖረ ሰው የሌላ ሰው ሥራ የኔ ነው አለ፤ እኔም አብሬ እየኖርኩ አላየሁም። እሷ የሠራችውን ፍርድ ቤት ይመልከተው። ይሄኛውን የሚያይ ፍርድ ቤት የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። ሁለቱም ዋሽተውኛል። ቢያንስ ይሄ መጽሐፍ እንዳይዋሸኝ።»

ጠብታ ገጹን አነሣ፤ አየው፤ አስቀመጠው። ከዚያ መነጽሩን አደረገና ከተጻፉት ስሞች ላይ የልጅቱን ፊደል በፊደል እያነበበ ወደ ማሽኑ ያስገባ ጀመር፤ እንዳይሳሳት፣ ሁለት ጊዜ እያየ።